የገና እበት

በገና ማግስት ደብረ ማርቆስ ላይ ከቤቴ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ስደርስ ቀድሞ የሚቀበለኝ የበግ ቆዳ ነው። ድሮ «ቆዳ ያለው!» እያለ በየበሩ የሚዞር ሰው ነበር፤ አሁን ፈላጊ ስለጠፋ ሰዉ ያርዳል፣ ይገፋል፣ ይበላል፣ ቆዳውን ከነጭንቅላቱ ቱቦው አፍ ላይ ይወረውርና እጁን ታጥቦ ይገባል። ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል፣ ዝንብ ይወርሰዋል፣ ውሻ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል፣ ፈርሱ ከውሃ ላስቲክና ከቢራ ጠርሙስ ጋር ተለውሶ እስከ መንገዱ መሀል ይፈሳል። ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ደግሞ በሩ ላይ የፕላስቲክ ጥድ አቁሞ፣ በረዶ ነው ብሎ ጥጥ ለጥፎበት፣ በድምፅ ማጉያ «እንኳን አደረሳችሁ» ይለናል። ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ ያስጠላኛል፣ ያንገፈግፈኛል። ነጠላዬን ስቤ አፍንጫዬን ስሸፍን ግን በየዓመቱ ያው ነገር ትዝ ይለኛል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ነጠላዋ አፏ ላይ፣ ትውከቷ ጉሮሮዋ ላይ፣ አባቷ ፊቷ ቆሞ።

ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ተጸያፊነቴም ከከተማ የለመድኩት ሳይሆን አብሮኝ የተወለደ ነው። ቤታችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ፣ የገብሱ እርሻ አልቆ የጓሳ ሣሩ ከሚጀምርበት አፋፍ ሥር ነበር። እዚያ አገር ሰው ከከብት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ያድራል፤ እኔ ግን ወተት ላይ የሰፈፈ ስልባቦት ባየሁ ቁጥር ቋቅ ይለኝ ነበር። ቅቤ ሲነጠር ከቤት እወጣለሁ፣ ሽንፍላ ሲታጠብ ጎረቤት ሄጄ እደበቃለሁ፣ ሰው የጎረሰበት እጅ ካጎረሰኝ ጉርሻውን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ውጭ ወጥቼ እተፋለሁ። ጎረቤቶቻችን «እመቤቲቱ መጣች» እያሉ ይሳለቁብኝ ነበር። እናቴ ነገሩን እንደ ቀልድ አታየውም፤ «እንዲህ እየተጸየፈች የት ልትኖር ነው?» ትልና ትተክዛለች።

በዚያ ዓመት፣ ገና ሰባት ዓመቴን እንደያዝኩ፣ ለገና ቆረብኩ። የቆረበ ሰው ምን ምን እንደማያደርግ እናቴ ደጋግማ አስጠንታኛለች፤ አይተፋም፣ አይታጠብም፣ ሩቅ መንገድ አይሄድም፣ ብዙ አያወራም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አያስመልስም። ቢያስመልስ ምን እንደሚሆን ማንም ስላልነገረኝ የጎደለውን እኔው ሞላሁት፤ ምድር ተሰንጥቃ የምትውጠኝ ይመስለኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታችን ድረስ ነጠላዬን አፌ ላይ ጨብጬ፣ በአፍንጫዬ ብቻ እየተነፈስኩ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ተጠንቅቄ ከእናቴ ኋላ ሄድኩ።

ሰፈር ስንደርስ ነጋግቷል፤ የቅርጫው በሬ እኛ ደጅ ላይ ወድቋል። ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከበውታል። ሆዱ የተከፈተው እኔ በሩን ስገባ ነው። በብርዱ ውስጥ እንፋሎቱ ተነስቶ፣ ፈርሱ ደጃችን ካለው ግንድ ሥር ተዘርግፎ፣ ያ ትኩስ ክርፋት ፊቴ ላይ ተለጠፈ። አፌን ምራቅ ሞላው። መትፋት ክልክል ነው፤ ዋጥኩት፤ ስውጠው ደግሞ ከታች ሌላ ነገር እየተጋፋ መጣ። የበሩን መቃን ይዤ ምድሪቱን አየኋት፤ ከየት በኩል እንደምትሰነጠቅ ነበር የምፈልገው።

ሥጋውን በየመደቡ የሚያደላድለው አባቴ ነበር። አብዬ ነበር የምለው። ጾሙን ሳያጎድል የጨረሰ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጉበት ሲያወራ የከረመ፣ ጥሬ ሥጋ ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ሰው ነው። ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ቢላዋውን ለጎረቤት ሰጠና፣ «ዛሬ ከብቱን እኔ ላውጣ፤ በዓል ነው፣ እረኞቹ ልጆች ገናቸውን ይጫወቱ» አለ። ወንዶቹ ሳቁበት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣

«ምነው በገና ቀን? ሰው ምን ይላል?» አለች።

«ቆርባለች። እዚህ ከዋለች ታስመልሳለች።»

«የቆረበ ሰው ሩቅ መንገድ ይሄዳል እንዴ?»

«ከብት ተከትሎ መውጣት ደግሞ መቼ መንገድ ተባለ?» አለና ዱላውን አነሳ።

እሱ ከፊት፣ ከብቶቹ መሀል፣ እኔ ከኋላ ሆነን አፋፉን ወጣን። አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ እኔ አፌን መክፈት ፈርቼ፣ እሱም እኔን እንዳያስወራኝ ብሎ። ያ ክርፋት ግን ነጠላዬ ላይ ተጣብቆ አብሮኝ ይወጣል። መሀል ላይ አብዬ ጎንበስ ብሎ ከድንጋይ ሥር ጦስኝ ነቀለ፣ በመዳፎቹ መሀል አሽቶ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። የሚያቃጥል፣ ንጹሕ ሽታ ነበር። ወደ ላይ ይጋፋኝ የነበረው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁንም ጦስኝ ያለበት ሻይ ስጠጣ መጀመሪያ የማየው የእሱን መዳፍ ነው።

መስኩ ላይ ስንደርስ ሌላ መከራ ጠበቀኝ። ሣሩ በሙሉ አመዳይ ለብሷል፣ ለበዓሉ የተገዛልኝ ኮንጎ ጫማ ደግሞ ላስቲክ ነው፤ ውርጩን አይመልስም፣ ይልቁንም በየቀዳዳው ያስገባል። ጣቶቼ መጀመሪያ አመሙኝ፣ ቀጥሎ የእኔ አልመስል አሉኝ። አፌን እንደዘጋሁ እንባዬ ወረደ። በዚያ መሀል ዳለቻዋ ላማችን ጭራዋን አነሳችና ከፊታችን ዘረገፈችው፤ አረንጓዴ፣ ክምር፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል እበት። አብዬ ጫማዎቼን አወለቀ፣ ብብቴን ይዞ አነሳኝና ሁለቱንም እግሮቼን እዚያ እበት ውስጥ ቀጥ አድርጎ ተከለኝ።

አለቀልኝ አልኩ። በጣቶቼ መሀል እየተንሸራተተ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ትውከቴን ጠበቅኩ። አልመጣም። የመጣው ሙቀት ነው፤ ከእግሬ ተነስቶ በጉልበቴ፣ በሆዴ፣ እስከ ጆሮዬ ድረስ። ዓይኔን ስገልጥ አብዬ ፊት ለፊቴ ተንበርክኮ ይስቃል።

«ጌታችንም በላምና በአህያ ትንፋሽ ነው የሞቀ። እሱ ያልተጸየፈውን በረት አንቺ ከማን በልጠሽ ነው የምትጸየፊው፣ የኔ እመቤት?» አለኝ።

ፀሐይዋ ከጋራው ጫፍ ወጣች፣ አመዳዩ በየሣሩ ጫፍ እያበራ መቅለጥ ጀመረ፣ መስኩ ሁሉ ጢስ በጢስ ሆነ። ከወዲያ ማዶ ረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች ማኅሌት እንደሚቆሙ ካህናት ተራርቀው ቆመዋል። የከብቶቹ ትንፋሽ ይታያል፤ ሣር ሲነጩ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ከበሮውም እልልታውም ከታች ቀርቷል። ዳለቻዋ መጥታ ጉልበቴን አሸተተችኝ፣ እርጥብ አፍንጫዋን ነጠላዬ ላይ ጠረገች፣ እኔም አልገፋኋትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅዳሴ አስቀድሻለሁ፣ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር አጠገቤ ቆሞ ያገኘሁት ግን ያን ዕለት ጠዋት፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እበት ውስጥ ቆሜ ነው። ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

እበቱ ሲቀዘቅዝ አብዬ ብብቴን ይዞ አወጣኝ፣ በጓሳ ጠራረገኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከላም ላም እያዛወረ አሞቀኝ። ማታ ቤት ስንገባ እናቴ እግሬን አይታ ጮኸች፤ ግን ምን ታድርግ፣ የቆረበ ሰው አይታጠብም። ያቺ ስልባቦት የምትጸየፍ እመቤት እበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርቆባት፣ እየተሰነጣጠቀ፣ በገና ሌሊት ለጥ ብላ ተኛች። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። እናቴ ያስቀመጠችለትን ሥጋ አብዬ ተቀበለና፣ እኔ ወደተኛሁበት መደብ ገልመጥ ብሎ፣ ቅርናቱ እንዳይደርሰኝ ወጥቶ በረት ውስጥ ከከብቶቹ ጋር ቆሞ በላ። ጾሙን ሙሉ የጠበቃትን ሥጋ በጨለማ፣ ለብቻው።

አብዬ ካረፈ ቆይቷል። ባለፈው ገና የከተማው ክርፋት ሲያንገፈግፈኝ ጠዋት ተነስቼ በሚኒባስ ወደ ሮብ ገበያ ሄድኩ፣ ከዚያም አፋፉን በእግሬ ወጣሁ። መስኩ ግማሹ ታርሶ ድንች ሆኗል። የቀረው ላይ ከከተማ የመጡ ወጣቶች መኪና አቁመው፣ በሮቹን ከፍተው፣ ዘፈኑን ጋራው እስኪያስተጋባ ለቀውታል። የተሰበረ ጠርሙስ አለ፣ አጥንት አለ፣ ተጠቅልሎ የተጣለ ዳይፐር አለ። ጦስኝ ልነቅል ድንጋይ ሥር እጄን ብሰድ የያዝኩት ሰው የተጠራረገበት ሶፍት ነው። ኤጭ! ተፋሁ፤ ያን ቀን አልቆረብኩም። እነሱንም ራሴንም ረገምኩ፤ አስጠሉኝ፣ ከልቤ አስጠሉኝ።

ልመለስ ስል ከድንጋዩ ወዲያ አንዲት እበት አየሁ። ከዚያ ሁሉ ነገር ያልተጸየፍኩት እሷን ብቻ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ ገልመጥ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ካልሲዬን አወለቅኩ፣ ሁለቱንም እግሮቼን ከተትኩ። ቀዝቅዞ ነበር፤ ላሚቱ ካለፈች ቆይታለች። ቢሆንም ጥቂት ቆምኩ፤ ብብቴን ይዞ የሚያወጣኝ ግን አልነበረም።