«ቀጥ ብለሽ ቁሚ» ያለኝ አስተርጓሚ

ነገሩ የሆነው ባለፈው የጆበርግ ብርድ ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

አሌክሳንድራ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችን። የምንሸጥበት የብረት መስኮት ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ ጎንበስ ብዬ ነው የምቆመው። ወገቤ እያደር ብሶበት የአንድ ዓመት ልጄን ከመሬት ማንሳት አቃተኝ። እጇን ዘርግታ ስታለቅስ አብሬያት አለቅስ ነበር።

እንግሊዝኛ ስለማልችል፣ ወገብ በእንቅስቃሴ የምታክም ፊዚዮቴራፒስት ጋ የወሰደኝ ዋርሳዬ ነው፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ሴትየዋ አንድ ነገር ስትለው ወደ እኔ ዞሮ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ!» ይለኛል። ጥርሴን ነክሼ እንደ ወታደር ቀጥ እላለሁ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ታየኛለች፤ ትከሻዬንና ዳሌዬን ትዳብሳለች፤ ግራ ይገባታል። ሁለት ወር እንዲሁ ተመላለስን። የሰጠችኝ እንቅስቃሴ ጠብ ያደረገልኝ ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀጠሮ ዋርሳዬ ታክሲ ሊፈልግ ወጣ። እኔም ኮሪደሩ ላይ እንደ ልማዴ ተጣምሜ ቆምኩ። ሴትየዋ ከክፍሏ ስትወጣ አየችኝ። አስተርጓሚ ስላልነበረ በዙሉ ሞከረችኝ።

«ማማ፣ ሱቅ ውስጥ የምትቆሚው እንደዚህ ነው?»

ዙሉ! ከደንበኞቼ ጋር ስከራከርበት የምውለው ቋንቋ!

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ሁልጊዜ እንደምትቆሚው ቁሚ ስልሽ ለምን ደበቅሽኝ? መጉበጥ ነውር አይደለም፤ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ትክክለኛ አቋቋምም የለም። የጎዳሽ ሳትንቀሳቀሺ በአንድ ጎን መዋልሽ ነው። እሱን ሳላይ እንዴት ልርዳሽ?»

ዋርሳዬ ሲመለስ አፋጠጥኩት። ሳያፍር «ያለችው ገብቶኛል እኮ። ታዲያ ሐበሻ ጎባጣ ነው ትበለን?» አለኝ። ጋሼ የምለው፣ አንቱ የምለው ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን «አንተ ምን አገባህ!» ብዬ ጮህኩበት። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየን።

አሁን መስኮቱን ከፍ አስደርገናል፤ በየመሃሉ እቀመጣለሁ፤ እንቅስቃሴዬንም እሠራለሁ። ልጄን ማንሳት ችያለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ውሸት ነው። በእሱ ብቻም አይደለም የምናደደው። ለአንድ ዳቦ በዙሉ ስሟገት የምውል ሴት፣ ስለ ገዛ ወገቤ ሲሆን አፌን ለሌላ ሰው ሰጥቼ መቆሜ ያንገበግበኛል።