ለአባቴ ያልተረጎምኩት ጥያቄ

አባቴ ጎባ ሆስፒታል በተኙ በዘጠነኛው ቀን ሲስተሯ ወረቀት ይዛ መጣችና አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣች ስለሆነች ከአማርኛ በቀር ኦሮምኛ አትችልም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ አይወጣም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩትም ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው።

«የቀረዎትን ጊዜ የት ቢያሳልፉ ይመርጣሉ? እዚህ ወይስ ቤትዎ? ብለሽ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

የአባቴ ሳንባ እንደማይድን ሐኪሙ ለአጎቴ ከነገሩት ሦስት ቀን ሆኖታል። አጎቴ ኮሪደር ላይ ክንዴን ጨብጦ፣ «ካፍሽ ቢወጣ ገዳያቸው አንቺ ነሽ» ብሎኛል። እኛ ዘንድ ለታማሚ ሞቱ አይነገረውም። ስለዚህ ወደ አባቴ ዞርኩና በኦሮምኛ፣ «ምግቡ ተስማማዎት ወይ ትላለች» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ጨው የለውም በያት።»

ለሲስተሯ ግን፣ «እዚሁ ልታከም ይላሉ» አልኳት። አጎቴ በይ ያለኝ ይህንን ነበር። ጻፈችው።

እሷ ስትወጣ አባቴ በእጃቸው ጠሩኝ። የኦክስጅኑን ጭምብል ገለጥ አድርገው፣ በአማርኛ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ሮቤ ገበያ ማር ስሸጥ ከነጋዴው ጋር በጥቅሻ የተግባባሁ መሰለሽ?» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ አባ?»

«ፈርተሽ አየሁሽ። ሰው ፊት ላሳፍርሽ? አሁን ሂጂና ሪራ፣ ቤቴ በያት። ቀፎዎቼ ያሉበት፣ እናትሽ ያረፈችበት።»

እስከ ነርሶቹ ክፍል በር ድረስ ሄድኩ፤ ብዙ ሆነው ይሳሳቃሉ። ተመለስኩ። እንደገና ስሄድ አጎቴ ምሳ ይዞ ሲመጣ አየሁና ደግሞ ተመለስኩ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። አባቴ ባዩኝ ቁጥር «ነገርሻት?» ይላሉ። «ዛሬ እነግራታለሁ» እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትንፋሻቸው ሲከብድ ሮጬ ሲስተሯን ያዝኳት። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። የጻፈችውን ሰርዛ ከላዩ «ሪራ» ብላ ጻፈችና ሐኪሙን ጠራች።

ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጠው ወደ ኮሪደሩ ወሰዱን። «ከትናንት ወዲያ ቢሆን ኦክስጅን አስይዘን እንልካቸው ነበር። አሁን የሪራ መንገድ የሚያልፍበትን የሳነቴን አምባ አይሻገሩም። ከፍታውና ብርዱ መንገድ ላይ ይጨርሳቸዋል።»

ሲስተሯ እጄን ያዘችኝ። «አንቺው ንገሪያቸው። እዚሁ ምን እንድናደርግላቸው እንደሚፈልጉም ጠይቂልኝ።»

በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አባቴ ዓይኔን እያዩ ሰሙኝ። «አልጋውን ወደ ቂብላ አዙሩልኝ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በኦሮምኛ፣ «ቀፎዎቹን ማን ያያቸዋል?» አሉኝ።

ይህንንም ለሲስተሯ ተረጎምኩላት። ምን ብላ እንደምትጽፈው ግራ ገብቷት እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች።