ሳሮ ጋይስ ያለችው ልጅ

ሠርካዲስን አምስት ዓመት አውቃታለሁ። ሽሮ ሜዳ የአባቷን ሱቅና የእኔን የክር ሱቅ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ግን ምንም አላውቅም ነበር፣ እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል።

ዝምተኛ ናት። አባቷ ጋሽ ተክለ ሃይማኖት ሱቁ ጓሮ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን ከተው ሲሸምኑ ይውላሉ፣ እሷ ከፊት ትሸጣለች። በጋሞኛ ሲያናግሯት በአማርኛ ነው የምትመልሰው። ትምህርት ቤት "የሸማኔ ልጅ" እያሉ ያሳቅቋት እንደነበር አንዴ ነግራኛለች። በቃ፣ ከዛ በላይ አላወራችም።

እዚህ ሰፈር ደሞ ሸማኔዎቹ ደንበኛ ፊት የሚመካከሩት በጋሞኛ ነው። ደንበኛው ስለሱ እየተወራ እሱ ቀሚስ ያገላብጣል። ጋሽ ተክለ ሃይማኖት "ቋንቋችን መጋረጃችን ነው" ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሶሊያና የምትባል ልጅ የመልስ ቀሚስ ልትገዛ ከእናቷ ጋር መጣች። ጋሽ ተክለ ሃይማኖት ከጓሮ በጋሞኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። ልጅቷ ቀና አለችና በጋሞኛ መለሰችላቸው!

የሚሸምኑበት መወርወሪያ ከእጃቸው ወደቀ።

"ምን አሏት?" አልኳት ሠርካዲስን። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ከጠዋት ጀምራ ስትዞር ነው የዋለችው፣ እግሯን ሲያማት ትመለሳለች አለ።"

"እሷስ?"

"እግሬ ደህና ነው አባባ አለችው።"

ጋሽ ተክለ ሃይማኖት ወጡ። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ? የኛ አገር ልጅ ነሽ?"

"ኧረ የገርጂ ልጅ ነኝ! ቲክቶክ ላይ ነው የተማርኩት" ብላ ስልኳን አሳየችን።

ፊት የለም። ሁለት እጅ ክር ሲያጠነጥን ብቻ። "ሳሮ ጋይስ!" ይላል ድምፁ፣ ሳሮ በጋሞኛ ሰላም ነው፣ "ዛሬ ደንበኛ ፊት የምናወራትን ላስተምራችሁ፣ አባቴ እንዳይሰማ ፕሊስ!" ጋሞኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እያደባለቀች ትስቃለች። የሠርካዲስ ድምፅ ነው፣ የዛች ዝምተኛ ልጅ! አውራ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። አርባ ሺህ ሰው ይከተላታል።

"አጥፊው" አሉ አባቷ። "ዛሬውኑ። መጋረጃችንን ቀደድሽው እኮ!"

"እሺ አባ። ግን መጀመሪያ ተከታዮቼ የጻፉልኝን ላንብብልህ።"

እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ስልኳን አውጥታ አነበበች። "የኔም አባት ሸማኔ ነው። ለጓደኞቼ አስተማሪ ነው ብያቸዋለሁ።" ሌላ አነበበች። ሌላም። ሁሉም የአባታቸውን ሥራ ደብቀዋል።

"አንቺስ ለማያውቁኝ ምን ነበር የምትያቸው?" አሉ ድንገት።

ቀሚሶቹን ማጣጠፍ ጀመረች።

"ሠርካዲስ!"

"ሹፌር ነው... ነበር የምለው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሶሊያና እናቷን ጎትታ ልትወጣ ስትል እናትየው ቀሚሱን አልለቅም አሉ።

ጋሽ ተክለ ሃይማኖት መወርወሪያውን አንስተው ጠረጉት። ጉድጓዱ ውስጥ ተመልሰው ገቡ። "ስልክሽን አምጪ" አሉ። ሊሰብሩት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ቅረጪ" አሉ። "የሹፌሩን እጅ ቅረጪ።"

ሠርካዲስ እንባዋን እየጠረገች ስልኩን ያዘች። "ሳሮ ጋይስ" አለች። የቀጠሉት አባቷ ናቸው፣ በጋሞኛ፣ ጮክ ብለው።

"ምን አሉ?" አልኩ።

ሶሊያና ናት የነገረችኝ። "የሠርካዲስ አባት ነኝ፣ ሸማኔ ነኝ አሉ።"