የተበላ ጥርስ ላይ የለጠፍኩት

ልደታ አካባቢ አንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። ቤታቸው ጌጃ ሰፈር ነው። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ከጎኑ ተበልቶ ጠቁሯል። በማግስቱ የመጨረሻ ልጃቸው ታገባለች።

«የኔ ልጅ፣ አባቷ በሕይወት የለም። ነገ ጉልበት ስማ ስትወጣ የምመርቃት እኔ ነኝ። ሰው ፊት አፌን ሸፍኜ እንዳልመርቅ እርጂኝ» አሉኝ።

«ምንም ችግር የለውም እማማ፣ ዛሬውኑ ይሞላል» አልኳቸው።

መቦርቦር ስጀምር ግን የተበላው ካሰብኩት በላይ ጥልቅ ሆኖ አገኘሁት። ላይ ላዩን ካነሳሁ በኋላ እንኳ ከሥሩ ቡናማና እርጥብ ነገር ቀርቶ ነበር፤ በመሣሪያ ጫፍ ሲነኩት እየተላጠ ይነሳል። ነርቩ እንዳይነካ እሱን በእጅ ቀስ እያሉ መጥረግ ጊዜ ይፈልጋል። ቅዳሜ የምንሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ጓደኛዬ ሜክሲኮ ካፌ ቁጭ ብላ ሁለቴ ደውላልኛለች።

የጥርስ ማጣበቂያ ጤነኛ ጥርስ ላይ ሲያርፍ በቀላሉ አይላቀቅም። የተበላ ጥርስ ግን የላላና ውሃ የቋጠረ ስለሆነ ማጣበቂያው የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ ቢይዝም ለጊዜው ነው። ቢያንስ በዙሪያው ጤነኛው ጥርስ እስኪገኝ ድረስ መጥረግ ግድ ነው። ይህን ተማሪ ሳለሁ ተፈትኜበታለሁ፤ ከእኔ በታች ላሉትም አስረድቻለሁ። አውቄ ነው የተውኩት። ማጣበቂያውን ቀባሁ፣ በሰማያዊው መብራት አደረቅሁ፣ ሙሌቱን ደረብኩበት፣ ቀለሙን አመሳስዬ አሳመርኩት። መስታወት ስሰጣቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እጅሽ ይባረክ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እሳቸው ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ እኔ ጋወኔን አውልቄ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተመለሱ። ከቦርሳቸው በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። ሙሌቱ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ሳልጠይቃቸው። «ምርቃቱ ሳይደርስ ከድፎው ለወጉ ትንሽ ገመጥኩ። ያን ያህል ደክመሽበት!»

ሙሌቱን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ ያ ቡናማ ብስባሽ ተለጥፎበታል። ማጣበቂያዬ ይዞ የነበረው ጥርሱን ሳይሆን ብስባሹን ነው፤ ብስባሹ ከጥርሱ ሲለቅ ሙሌቱም አብሮት ወጣ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ነገር ግን አብራኝ የምትሠራው ነርስ አጠገቤ ቆማለች።

«በፊት ጥርስዎ አይንከሱ ብዬዎት ነበር እኮ፣ እማማ» አልኳቸው።

አላልኳቸውም። እንዲያ ያለ ምክር ለመስጠት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

«ብለሽኛል መሰለኝ። እርጅና ነው» አሉና አቀረቀሩ።

ያን ዕለት ሳልቸኩል እስከ ጤነኛው ጠርጌ እንደገና ሞላሁት። ነርቩ መትረፉ የእሳቸው ዕድል እንጂ የኔ ችሎታ አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ተራ እየጠበቁ ሲያወሩ ከውስጥ ይሰማኛል። «እሷስ እጇ ወርቅ ነው። እኔ ነኝ ምክር አልሰማ ብዬ ያበላሸሁት። ምርቃቱንም ለወንድሜ ሰጠሁ፤ በዚያ አፌ እንዴት ብዬ ልቁም?»

ወጥቼ እሳቸውን ብቻ ጠራኋቸውና በሩን ዘጋሁ። ቆሜ፣ ከብስባሹ ጀምሬ፣ ካፌ የምትጠብቀኝን ጓደኛዬን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ቅዳሜ ዕለት ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አይንከሱ ብዬዎት ነበር ያልሽኝስ?»

«አላልኩዎትም። ዋሽቼ ነው።»

«ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ እኮ» አሉ። «በሆዳምነቴ ምርቃትሽን አስቀረሁብሽ ብዬ።»

ሊቆጡኝ እንደሚችሉ አስቤ ነበር፤ ይህን ግን አላሰብኩም። «ደውዬ ልንገራት?» አልኩ። ተዪው ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና አቀበሉኝ።

ለማላውቃት ሴት ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ለእማዬ ስጪያት» ብቻ አለች። እናትየው ስልኩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ «እሺ፣ እሺ የኔ እናት» ሲሉ ብቻ ሰማሁ።

ጎረቤታቸውን ይዘው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። በሩን ከፍተው ጠሯት። «ነይ ግቢ» አሏት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔ እዚህ እቀመጣለሁ» አሉ።

የጎረቤታቸው መንጋጋ ጥርስም ክፉኛ ተበልቶ ነበር። እየጠረግሁ በመሣሪያ ጫፍ እሞክረዋለሁ፣ እንደገና እጠርጋለሁ። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እጄን እጄን ያያሉ። እስክጨርስ ድረስ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም።