በሰው መናፈሻ ያስቀደስኩበት እሁድ

ደስ ሲለኝ ጆሮዬ አይሰማም። ስናደድም እንደዚያው ነው። ጓደኛዬ ይህን አመሌን ስለምታውቅ የዚያን እሁድ መንገድ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ስታስጠናኝ ሰነበተች። «ዮቪል ሰፈር ስትደርሺ መናፈሻው ጋ ውረጂ። ከመናፈሻው ማዶ ነጭ የለበሱ ሰዎች ወደ አንድ አዳራሽ ሲገቡ ታያለሽ፤ እነሱን ተከትለሽ ግቢ። ከሁለት ሰዓት እንዳታሳልፊ!» እሺ፣ እሺ አልኳት። ካለችው ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ግን መናፈሻና ነጭ ልብስ ብቻ ነበር።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ባለች ጻካኔ በምትባል ሰፈር ነው፣ ስፓዛ በሚሏት አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ በቀዳዳው ዳቦ አወጣለሁ፣ ሳሙና አወጣለሁ፣ ዳይፐር አወጣለሁ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላረፍኩም፤ ሣር የሚባል ነገርም አልረገጥኩም። ጓደኛዬ ከእኔ ጋር እዚያው ፍርግርግ ውስጥ ነበረች። ምጧ የመጣው ሰው ዳቦ ሊገዛ በተሰለፈበት ሰዓት ነው። ሱቁን ዘግቼ ይዣት ሆስፒታል በረርኩ። የሱቁ ባለቤት ተቆጣ፤ እኔም መልሼ ተቆጣሁት። የጓደኛዬ ባል ከዚህ ርቃ በውቅያኖስ ጠረፍ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ስለሚሠራ በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው። እኔ ነኝ እጇን ይዤ ያዋለድኳት ማለት ይቻላል፣ አዋላጆቹ ይቅር ይበሉኝና።

ከወለደች በኋላ ዮቪል አንድ ክፍል ተከራየች። ልጅቷ ሴት ናት፤ ሰማንያኛው ቀኗ እሁድ ላይ ዋለና «የክርስትና እናት አንቺ ነሽ» አለችኝ። እኔ በዚህ አገር አንድም የሥጋ ዘመድ የለኝም። ብታመም የሚደነግጥ፣ ብሞት የሚጠራ የለኝም። የክርስትና ልጅ ካለችኝ ግን ዘመድ አለኝ ማለት ነው፣ ያውም በእግዚአብሔር ፊት የተዋዋልኩት። የዚያን ማታ ፍራሼ ላይ ተኝቼ «እናት ልሆን ነው» እያልኩ ብቻዬን ስስቅ አደርኩ።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ልጅቷ ከውሃው ስትወጣ የምትለብሰውን ነጭ ልብስና የአንገቷን ማተብ ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌ ያዝኩ። ከተማ መሀል ታክሲ ስቀይር ለሾፌሩ «ፓርክ! ፓርክ!» አልኩት። የትኛው ፓርክ ብሎ እንደጠየቀኝ አሁን ትዝ ይለኛል። «የስ» ነበር መልሴ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አወረደኝ። ወርጄ ቀና ስል በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆነብኝ! ጥቅምት ነው፤ እዚህ አገር ክረምቱ የሚገባው ያኔ ስለሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሁሉ አንገቱን አውጥቷል። ዛፎቹ ግንዳቸው ለሦስት ሰው አይታቀፍም። የጃካራንዳው አበባ መንገዱ ላይ ረግፎ ወይን ጠጅ አንጥፎበታል። ሀዲዳ የሚሏቸው መንቁረ ረጃጅም ወፎች ሣሩን እየቆፈሩ፣ ሰው ሲጠጋቸው እንደ ተሰደበ ሰው እየጮኹ ይነሳሉ። ዥዋዥዌ አለ፣ የውሃ ቧንቧ አለ፣ የማይፈቀዱ ነገሮች የተደረደሩበት ሰሌዳ አለ፤ መደሰትን ግን አልከለከለም። ይህ ሁሉ ለማንም፣ በነጻ! ከእኔ ሱቅ አንድ ሰዓት ርቀት ላይ ይህ ነገር ተቀምጦ ስድስት ወር ሙሉ አለማወቄ አናደደኝ።

ከዚያ አየኋቸው፤ ትልቁ ዛፍ ሥር ነጭ የለበሱ ሰዎች!

ደረስኩ አልኩ። ደግሞስ በምን እጠረጥራለሁ? ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ዳር ደርድረዋል። ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ ተቀምጠዋል። ወንዶቹ መቋሚያ የመሰለ ረጅም ዱላ ይዘዋል። ከበሮም አለ። ወገባቸው ላይ አረንጓዴ መታጠቂያ አለ፤ የሰንበት ተማሪዎቹ የደንብ ልብስ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አዳራሽ የተባለው የት ሄደ? ቢሞቃቸው ወጥተው ይሆናል። መስቀልና ጃንጥላ ለምን የለም? ስደት ነው፣ ሁሉ ነገር አይሟላም። የሚጸልዩት በግእዝ አይደለም፣ በአማርኛም አይደለም። እሰይ፣ ለአገሩ ሰው ብለው በዙሉ መቀደስ ጀምረዋል ማለት ነው፤ ዘመኑም እንደዚያ ነው። ጫማዬን አወለቅኩና ከሴቶቹ ጎን ቁጭ አልኩ።

አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሴት አዛውንት ምንጣፋቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ነጠላዬን ዳበስ አድርገው ጥለቱን አደነቁት። ጎጎ አልኳቸው፤ ደንበኞቼ አያቶቻቸውን እንደዚያ ሲሉ ስለምሰማ ነው። ጓደኛዬን በዓይኔ ፈለግኩ፤ የለችም። ሕፃን ይዞ በሰዓቱ የሚወጣ የለም፣ ትመጣለች ብዬ ተረጋጋሁ።

ከበሮው ተመታ፣ ሁሉም ተነሳ። ክብ ሠርተው በዝማሬ መዞር ጀመሩ፣ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ በሩጫ! ጎጎ እጄን ይዘው ጎተቱኝ። እኔ እንደዚህ ያለ ወረብ አይቼ አላውቅም፤ ግን ከፍርግርግ ጀርባ ስድስት ወር የቆመ እግሬ ምንም አልጠየቀኝም። እርጥቡ ሣር በእግሬ ጣቶች መካከል እየገባ፣ ነጠላዬ ወደ ኋላ እየተንሳፈፈ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ሮጥኩ። ቃሉን ስለማላውቀው እልል አልኩላቸው፤ እነሱም መለሱልኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ከነልጅነቴ ቢቆጠር።

ስልኬ ስንት ጊዜ እንደጠራ እንጃ። የሰማሁት ክቡ ትንፋሽ ሊሰበስብ ሲቆም ነው።

«የት ነሽ?» አለች ጓደኛዬ።

«ቤተ ክርስቲያን! ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚሁ ነኝ፤ አንቺ ነሽ እንጂ የጠፋሽው!»

«እኔም ቤተ ክርስቲያን ነኝ። የት ጋ ነሽ?»

«ትልቁ ዛፍ ሥር፣ ሴቶቹ ጋ።»

«የምን ዛፍ?»

«ዛፍ ነዋ! ከዥዋዥዌው አጠገብ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኛ አዳራሽ ውስጥ ነን! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዥዋዥዌ ምን ይሠራል?»

ዞር ብዬ አካባቢዬን እንደገና አየሁት። አረንጓዴው መታጠቂያ፣ ዱላው፣ የማላውቃቸው ፊቶች። ሁሉም በፈገግታ ያዩኛል። ለካ የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ መናፈሻ ውስጥ ዛፍ ሥር የሚጸልዩ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን!

«ቄሱ ውሃውን ባርከዋል» አለች፤ ድምጿ ተቆራረጠ። «የክርስትና እናቷ የት ናት እያሉ ነው። ካልመጣች ሌላ ሴት ትቁም ብለዋል፣ ሴትዮዋም ተነስታለች።»

«እንዳትሰጫት!» ብዬ ጮህኩ። «ልብሷም ማተቧም እኔ ጋ ነው! መጣሁ!»

መጣሁ ማለት ቀላል ነው፤ ከየት ወደ የት እንደምመጣ ግን አላውቅም። እንባዬ መጣ። ጎጎ ትከሻዬን ያዙኝ። ያለኝን እንግሊዝኛና ዙሉ አራግፌ «ቤቢ! ቸርች! ዋተር!» አልኳቸው፣ ነጩን ልብስም ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ትንሿን እጅጌ በጣታቸው ለክተው ሁሉም ነገር ገባቸው። ስልኩን ከእጄ ወስደው ከጓደኛዬ ጋር በዙሉ ተነጋገሩ፤ እሷ ከእኔ ዓመታት ቀድማ ስለመጣች እንደ ውሃ ትናገረዋለች። ከዚያ ረጅሙን ዱላ ለያዙት መሪያቸው የሰሙትን ነገሯቸው። ሰውየው እኔን አዩ፣ ሰማይ አዩ፣ አንድ ነገር ተናገሩና ጉባኤው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አፍሬ መሬት ልግባ ስል እሳቸው ከነጩ ቀሚሳቸው ሥር የመኪና ቁልፍ አወጡ።

ባኪ ይሉታል፣ ከኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና። ጎጎና ሁለት ሴቶች ከእኔ ጋር ከኋላ ወጡ። መንገዱን በሙሉ እየዘመሩ፣ እኔ ደግሞ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ እየጠራሁ ሄድን። ለካ ትክክለኛው መናፈሻ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር የሚርቀው። በባዶ እግሬ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሣር ተለጥፎ፣ አዳራሹ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ከውሃው አጠገብ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ጓደኛዬ ግን ልጇን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ንቅንቅ አላለችም። ቄሱ ቢለምኗት፣ ዲያቆኑ ቢቆጣት፣ ስትመጣ ነው የምሰጠው ብላ እንደ ግንብ ቆማ ኖሯል። እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ከኋላዬ በር ላይ የቆሙትን ሦስት ባለ አረንጓዴ መታጠቂያ ሴቶችም አየች። «ገደልሽኝ» አለች በሹክሹክታ፣ ልጅቷንም ክንዴ ላይ አኖረችልኝ።

ቄሱ ወደ ምዕራብ አዞሩኝና ሰይጣንን አስካዱኝ፤ ድምፄ እስኪንቀጠቀጥ ካድኩት። ወደ ምሥራቅ አዞሩኝና አመንኩ። ልጅቷ ውሃው ውስጥ ገብታ ስትወጣ አዳራሹ በጩኸቷ ተናጋ፤ ይህ ጉሮሮ ሱቅ አያስፈልገውም፣ ገበያውን ብቻውን ይጠራል ብዬ በልቤ ኮራሁ። እርጥቧን ተቀበልኳት። ነጩን ልብስ አለበስኳት።

ጓደኛዬ ግን አኮረፈች። ቅዳሴው እስኪያልቅ አንዴም አላናገረችኝም። ቅዳሴው ሲያልቅ ሦስቱ ሴቶች በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው እንደቆሙ አገኘናቸው፤ መሪያቸውም መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሳያበሉ መስደድ ነውር ነው፣ የጓደኛዬ ክፍል ደግሞ ከአራት ሰው በላይ አይችልም። «መናፈሻው እንሂድ!» አልኩ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ። «የአንቺ መናፈሻ በቅቶኛል» አለች። ግን ሌላ መላ አልነበራትም፤ ለክርስትናው ያዘጋጀችውን ዳቦና የወጥ ድስት ባኪው ላይ ጫንን።

ትልቁ ዛፍ ጋ ስንደርስ ጉባኤው አልቆ ልጆቹ ዥዋዥዌው ላይ ነበሩ። ጥላው ሥር አንሶላ ዘረጋን። ዳቦው ተቆረሰ፣ ነጭ የለበሰ ሁሉ ተሻማበት፤ ከዚያ በኋላ የእኛ የትኛው የእነሱ የትኛው እንደሆነ መለየት ቀረ። ጓደኛዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። እኔ ለሁሉም እየሳቅኩ ዓይኔ ግን ከጀርባዋ አልተነቀለም። ዘመድ ባገኘሁ ቀን ዘመዴን አስቀይሜ ብቀርስ?

ጎጎ ልጅቷን አቅፈው መጡ። ፊቷን ገልጠው ሲያዩዋት ቆዩና ጓደኛዬን አንድ ነገር ጠየቋት። ዙሉ ባልችልም ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፤ ዳይፐር ሊገዙ የሚመጡ ሴቶች ሕፃን ባዩ ቁጥር ፍርግርጌ ፊት ይሉታል። ይህቺ የማን ልጅ ናት? ነው ያሉት።

ጓደኛዬ ሣር ነቀለች፣ ጣለች። ከዚያ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች፤ በዙሉ ነው የመለሰችው፣ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ጎጎ ልጅቷን ወደ እኔ ዘረጉ። እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ አንዴ ጎጎን፣ አንዴ የጓደኛዬን ጀርባ አየሁ።

«ያዢያት እንጂ!» አለች ጓደኛዬ በአማርኛ፣ አሁንም ሳትዞር። «ልጅሽ አይደለችም እንዴ?»

ዘልዬ ተነስቼ ተቀበልኳት።