ከአሚን በኋላ የተዋጡ ቃላት

ሐሙስ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ዕፀገነት ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ማክሰኞ ዕለት የቀረጸችውን የሐጂ ሙክታርን ምርቃት ገና አራት ደቂቃ ያህል ነው የሰማችው። ይህን መስማት የነበረባት እዚያው ቤታቸው ሳለች ነበር። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ሙንተሃ "እንዴት ወጣ?" ብለው ሲጠይቋት ግን ምስሉን ብቻ አየት አድርጋ "በጣም ቆንጆ!" አለች፤ የቀረበላትን ሻይ ጠጣች፤ ተመርቃ ወጣች።

ሐጂ ሙክታር ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ነገ ጠዋት ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል፤ ዕጢው ያለው የድምፅ ሳጥናቸው ላይ ስለሆነ ሳጥኑ አብሮ ይወጣል። ይድናሉ፣ ይበላሉ፣ ሱቃቸውም ይቀመጣሉ፤ መናገር ግን ቀረ። የትንሿ ልጃቸው የፈትያ ኒካሕ ደግሞ የዛሬ ሁለት ወር ነው። ያን ቀን አባት ተነስቶ ልጁን ይመርቃል። ድምፅ የሌለው አባት ምን ይሁን? ምርቃቱ አስቀድሞ ይቀረጽና በዕለቱ ይከፈት ተባለ። ዕፀገነት የተጠራችው ለዚህ ነበር።

አሁን በማዳመጫው የሰማችው እንዲህ ነው። ሐጂ በሻከረ፣ ከሹክሹክታ ጥቂት ከፍ ባለ ድምፅ "አላህ ቤትሽን የሰላም ያድርገው" ይላሉ። ሳሎኑን የሞላው ሠላሳ ሰው ባንድ አፍ "አሚን!" ይላል። ከዚያ የሐጂ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ሦስት አራት ሰከንድ ቆይቶ ድምፃቸው ከአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመለሳል፤ "...ከዓይን ያውጣችሁ።" "አሚን!" እንደገና ጭጭ። እስከሰማችበት ድረስ ሁሉም ያው ነው፤ ከእያንዳንዱ አሚን በኋላ ያለው ቃል ተውጧል። ሐጂ ትንፋሽ ለመውሰድ ረዘም አድርገው ዝም ሲሉ ደግሞ "እምምም" የሚል ጉርምርምታ እያበጠ ይመጣል፤ ግድግዳው ማዶ ወፍጮ ቤት ያለ ይመስላል።

ምክንያቱ ወዲያው ገባት። ካሜራዋ የድምፁን መጠን በራሷ ነው የምታስተካክለው፤ በእጅ የሚስተካከልበት ነገር የላትም። ሰው ሲጮህ ጆሮዋን ትደፍናለች፤ የደፈነችውን ለመክፈት ደግሞ ትዘገያለች። ጸጥ ሲል አለቅጥ ትከፍትና የቤቱን ኮሽታ ሁሉ ትሰበስባለች። ጭፈራ ላይ ይህ ማንም አያስተውለውም። አንድ የደከመ ጉሮሮ በሠላሳ ሰው አሚን መካከል ሲናገር ግን ጉድ ይፈላል።

ባትሪውን አየች። መብራት ጠፍቶ ስላደረ አልሞላም፤ አሥራ አራት ደቂቃ ይላል። ካሜራውን፣ ቻርጀሩንና ደረት ላይ የሚሰካውን ትንሽ ማይክ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣችና ባጃጅ አስቆመች።

"መናኸሪያ፣ ሐጂ ሙክታር ቤት። ቶሎ በልልኝ፣ ወንድሜ።"

ዕፀገነት ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሻሸመኔ አጠገብ ባለችው በዚች ከተማ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ተወልዳ እዚያው አድጋ እዚያው ትኖራለች። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች መናኸሪያ ጀርባ አሸናፊ የሚባል ሰው ፎቶ ቤት ተቀጠረች፤ ሥራዋ አልበም ላይ ፎቶ መለጠፍ ነበር። ካሜራ የያዘችው ሳታስበው ነው። አንድ ሠርግ ላይ የሴቶቹ ክፍል ወንድ አይገባም ሲባል አሸናፊ ካሜራውን እጇ ላይ አስቀምጦ "ግቢ፣ ቀዩን ተጫኚ፣ አትንቀጥቀጪ" አላት። ተንቀጠቀጠች፤ ግን ቀረጸች። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ነጋዴዎች ልጅ ሲድሩ "ያቺን ልጅ ጥሩልን" ማለት ጀመሩ። የሐጂ ሙክታርን ትልቋን ልጅም የቀረጸችው እሷ ናት።

አሸናፊ አንድ ልማድ ነበረው። ሥራ ሳይጀምር ቤቱን ሙሉ ዝም አሰኝቶ አንድ ደቂቃ ባዶውን ይቀርጽና በማዳመጫ ይሰማዋል። ሰዉ ይስቅበት ነበር።

"ምኑን ነው የምትሰማው አሸናፊ? ዝምታውን?"

"አዎ። ዝም ያላችሁ መስሏችኋል እንጂ ዝም አላላችሁም።"

እሱ ከሞተ በኋላም ዕፀገነት ያንን ደቂቃ ሳታጓድል ስንት ዓመት ሠራች። ማክሰኞ ዕለት ግን ሰዉ ሞልቶ፣ ሐጂ ደክመው፣ "ቶሎ ይጀመር፣ ይረፉበት" ሲባል ተሸማቀቀችና ዘለለችው።

ሐጂ ቤት ስትደርስ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ሳምሶን ሻንጣ ይጭናል። ግቢው በሸኚ ጢም ብሏል።

"ዕፄ! ልትሸኚን መጣሽ? አላህ ያክብርሽ" አሉ ወይዘሮ ሙንተሃ።

"እትዬ ሙንተሃ... የማክሰኞው አልወጣም።"

"አልወጣም ማለት? ቆንጆ ነው አላልሽኝም?"

"ሳልሰማው ነው ያልኩት።"

ወይዘሮ ሙንተሃ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። አልጮኹባትም። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

ፈትያ ከውስጥ እየሮጠች መጣች። "እኔ በስልኬ ቀድቼዋለሁ! አይዟችሁ፣ በስልኬ አለ!" አለችና ከፈተችው። ስልኩም ያው ነው፤ አሚን ይላል፣ ቃል ይውጣል። ጭራሽ በላዩ ላይ ለቅሶ አለበት።

"ማናት እንደዚህ የምትነፋረቀው?" አለች ፈትያ።

"አንቺ ነሻ!" አሏት እናቷ።

ሐጂ ሙክታር ሳሎን ፍራሽ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ዕፀገነት ፊታቸው ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳትሰማው ቆንጆ ነው ብላ መዋሸቷንም ጭምር። ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። ለመስማት ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

"አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጥኩ። አንድ ቀን ቀዳዳ ያለበት ጣቃ ሳላየው ሸጬ፣ ሰውየው ይዞት ተመለሰ። ምን ያደረግሁ ይመስልሻል?"

"ቀየሩለት።"

"በይ ቀይሪልኝ።"

"ሐጂ! ሐኪሙ ድምፅ አያውጡ ብሎዎታል እኮ!" አሉ ወይዘሮ ሙንተሃ።

"ከነገ ጀምሮ የእሱ ነው። ዛሬን ይተውልኝ።" ከዚያ ወደ ዕፀገነት ዞር አሉ። "ግን አንድ ጊዜ ነው ልጄ። ሁለተኛ አቅም የለኝም።"

ሦስት ሰዓት ከአሥር ሆኗል፤ መብራት ተመልሷል። ዕፀገነት ማይኩን ሐጂ ደረት ላይ ሰካች፤ ባትሪውን ለመቆጠብ ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰክታ ማዳመጫውን አጠለቀች።

"ሁላችሁም፣ በእናታችሁ፣ አንድ ደቂቃ ዝም።"

ዝም አሉ። ማዳመጫው ውስጥ ግን ያ ወፍጮ መጣ፤ እምምም።

"ፍሪጁን ንቀይልኝ።" ፈትያ ነቀለችው። ጉርምርምታው አልጠፋም። መብራቱን አስጠፋች። አልጠፋም። የቀረው ነገር አንድ ነው፤ እሷው ራሷ ያመጣችው። እጇን ሰዳ ቻርጀሩን ነቀለች። ጸጥ አለ። ማክሰኞም ቻርጀሩ እንደተሰካ ነበር የቀረጸችው።

ጸጥታው በጎ ነው፤ አሁን ግን ያለቻት የባትሪዋ ደቂቃ ብቻ ናት። አሥራ ሦስት።

"ጠቅ" አለ ማዳመጫው። ቆየት ብሎ ደግሞ "ጠቅ።"

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሙስበሃው ነው።"

ሐጂ ሙስበሃቸውን ለባለቤታቸው ሰጡ። ጣቶቻቸው ግን አላረፉም፤ የጋቢውን ጥለት ያዙና ያሹት ጀመር። ሽርሽር ሽርሽር ይላል። ዕፀገነት ጋቢውን ከትከሻቸው አውርዳ ማይኩን ሸሚዛቸው ኮሌታ ላይ አዛወረችው። ጣቶቻቸው የሚይዙት አጥተው ጉልበታቸው ላይ ይዋትቱ ገቡ።

"አሁን ደግሞ አሚን አይባልም" አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። ሐጂ ቀና አሉ። "አሚን የሌለው ዱዓ ምን ዱዓ ነው? ለግድግዳ ልናገር?"

"በልባቸው ይበሉት፣ ሐጂ። በአፋቸው ከሆነ የሚቀጥለውን ቃልዎን ይውጠዋል።"

ሐጂ ሳይዋጥላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀዩ መብራት በራ።

"ልጄ ፈትያ... አላህ ቤትሽን የሰላም ያድርገው።"

"አሜን!" የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል ቤቱን አናጋው። ዕፀገነት ማዳመጫውን ከጆሮዋ መንጭቃ አወጣችው። አቶ ከበደ ናቸው፤ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ።

"ጋሽ ከበደ!" አለች ፈትያ ልታለቅስ ደርሳ።

"ምን ላድርግ? አፌ ለምዶብኝ!"

"ወደ ግቢ ይውጡልን" አለቻቸው ፈትያ።

"ግቢም አይበቃ" አለ ሳምሶን ከውጭ። "የእሳቸው ድምፅ ሻሸመኔ ይሰማል።"

ሐጂ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አልቆም አለ። ወይዘሮ ሙንተሃ ውኃ አቀረቡ፤ አልዋጥ አላቸው። ፈትያ ጀርባቸውን ትደባብሳለች። ሳሉ ሲተዋቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ዕፀገነት አንዲቱን ጊዜ እንዲህ አባከነቻት?

ሰዉ ሳይነገረው አንድ በአንድ ወጣ። ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰው ቀረ። ካሜራውን ማጥፋት እንደረሳች ትዝ ያላት አሁን ነው፤ የቀረው ዘጠኝ ደቂቃ። ቶሎ አጠፋችው።

ቆይተው ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ድምፃቸው ተመለሰ፤ ግን ቀጥኗል።

"ምርቃቱ አልመጣልኝ አለ" አሉ። "ሰው ሳይመልስልኝ መርቄ አላውቅም። ጉድጓድ ውስጥ እንደመናገር ነው።"

ዕፀገነት ጉልበታቸው ላይ የሚዋትተውን እጅ አየች።

"ፈትያ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። እጃቸውን ያዢ። አሚን የሚባልበት ጋ ስትደርሺ ጨበጥ አድርጊያቸው። ከአፍሽ ግን ምንም እንዳይወጣ። ለቅሶም።"

ፈትያ ተቀምጣ ያዘቻቸው። ጣቶቻቸው ረጉ።

ልክ ቀዩን ስትጫን ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ተንጓጓ። ቋ... ቋ... አባ ኮዳ የሚባለው ግዙፍ ወፍ አርፎ እየተንጎራደደ ነው።

"አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?" አሉ ወይዘሮ ሙንተሃ ጣሪያውን እያዩ።

ስምንት። ሰባት ተኩል። ዕፀገነት በመስኮት አየች፤ ከቤት የተባረሩት አቶ ከበደ ኮታቸውን አውልቀው፣ አፋቸውን በሌላ እጃቸው አፍነው፣ ወደ ጣሪያው ያውለበልባሉ። አንድ ድምፅ አላወጡም። ወፉ ክንፉን ዘርግቶ ሄደ።

ለሐጂ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻቸው።

"ልጄ ፈትያ። አላህ ቤትሽን የሰላም ያድርገው።"

ፈትያ ጨበጠቻቸው። ማዳመጫው ውስጥ ትንፋሽ ብቻ አለ፤ ንጹሕ ነው።

"እንግዳ የማይጠፋበት፣ እንጀራ የማይነጥፍበት ቤት ይሁን። ባልሽን ከክፉ ዓይን ያውጣልሽ። ሲቆጣ የምታበርጂ፣ ስትቆጪ የሚያበርድልሽ ያድርጋችሁ። እናትሽን እንዳከበርሽ የሚያከብሩ ልጆች ይስጥሽ..."

በየመካከሉ ትንሿ እጅ ትልቁን እጅ ትጨብጣለች። የፈትያ እንባ በአገጯ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል፤ ኮሽታ የለውም። ዕፀገነት አንድ ዓይኗ ባትሪው ላይ ነው። አራት። ሦስት። ሐጂ ደከሙ፤ የጨረሱ መሰለ። ከዚያ ድምፃቸው ቆረጥ ቆረጥ እያለ ቀጠሉ።

"በሠርግሽ ቀን ዝም ብዬ ሳይሽ... ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ። ይህንኑ እያልኩሽ ነው።"

ፈትያ አጥብቃ ጨበጠቻቸው፤ ለረዥም ጊዜም አልለቀቀችም።

ሐጂ በነጻ እጃቸው መስኮቱን አመለከቱ፤ ይግቡ። ሰዉ ገባ። ዕፀገነት ካሜራውን አላጠፋችም። ከእንግዲህ የሚዋጥ ቃል የለም።

"አሁን በሉት" አለች።

"አሚን!" አለ ቤቱን የሞላው ሰው፤ ከሁሉ በላይ የአቶ ከበደ "አሜን!" ተሰማ። ካሜራዋ ጆሮዋን ደፈነች። ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ከውጭ ሳምሶን የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። "አራት ሊሆን ነው! የሆስፒታሉ አልጋ ለሌላ ሳይሰጥብን እንድረስ!"

"ቆይ!" አለች ዕፀገነት። ቻርጀሩን መልሳ ሰክታ ከመጀመሪያው ከፈተችው። ሰዉ ፊቷን ያያል፤ ጥሩምባው ይነፋል። መጀመሪያውን ሰማች። መሐሉን ሰማች። መጨረሻውን ሰማች። ይህን ጊዜ ቆንጆ ነው አላለችም፤ ማዳመጫውን አውልቃ ሐጂ ጆሮ ላይ አደረገችው።

ሐጂ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ከመጀመሪያው ቃል በኋላ ባለችው ባዶ ቦታ ላይ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አሚን ነው። ድምፅ አላወጡም። ከዚያ ተነስተው ወደ መኪናው ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ አዳራሹ በሰው ተጨናንቆ፣ ምርቃቱ ሊከፈት ሲል፣ ዕፀገነት መሐል ላይ ቆማ አንድ ደቂቃ ዝም በሉልኝ አለች። ድምፅ ማጉያው ያጉረመርም እንደሆነ ልትሰማ ነው። ጥቂት ወጣቶች ሳቁ።

"ዝም በል!" አሉ አቶ ከበደ ከኋላ። "ሥራ ላይ ናት!"

ጸጥ አለ። ሐጂ ሙክታር አንገታቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ፊት ተቀምጠዋል። የፈትያን እጅ ይዘው፣ የመጀመሪያው አሚን እስኪደርስ ይጠብቃሉ።