ስልሳ አራት ጅምሮች

ወንድሜን ረግቶ ተቀምጦ ያየው ሰው የለም። ቢቀመጥም አንድ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ሲበላ በግራ እጁ ስልኩን ይነካካል፤ ሲያወራ ደግሞ አንዱን ወሬ ሳይጨርስ ሌላው ይገባበታል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከእናታችን ጋር ነው የሚኖረው። ሥራው የፎቶኮፒ ማሽን ጥገና ሲሆን በዚህ ማንም አያማውም፣ ምክንያቱም ባለማሽኑ አናቱ ላይ ቆሞ "አለቀ? አለቀ?" ይለዋል። አናቱ ላይ የሚቆም ሰው በሌለበት ቦታ ግን ወንድሜ ጨረሰ የምለው ነገር ትዝ አይለኝም። የእናቴ ቤት ግማሹ የተቀባ በር አለው። ከበሩ ጀርባ አንድ እግር የጎደለው መደርደሪያ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አራተኛው እግር የት እንደገባ ጠይቁትና ስለ አየር ንብረት ያወራችኋል።

እኔ ታላቅ እህቱ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ጠርዙ ያልታጠፈ መጋረጃ ከሱቄ ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ስለ እሱ ሳወራ ምላሴ ትንሽ ቢረዝም አትፍረዱብኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ማሽን ሊጠግን የሄደበት ቢሮ ውስጥ አንዲት ጸሐፊ ለጀማሪዎች ፕሮግራም መሥራት የሚያስተምር ድረ ገጽ አሳየችው። ነገሩ ከባድ አይደለም። ባለቀለም ቁርጥራጮችን እንደ ልጅ መጫወቻ እየገጣጠሙ "ይህ ሲነካ ያ ይሂድ፣ ሰዓቱ ይህን ሲል ያኛው ይጩህ" እያሉ ማዘዝ ነው። የሠሩትን እዚያው ይለጥፉታል፤ ሌላው ጀማሪ ይከፍተዋል፣ ከወደደው ልብ ይሰጠዋል፣ ከሥሩ አስተያየት ይጽፍበታል። ወንድሜ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አጣ። እንደሱ ላለ ሰው፣ ሳይጨርሱ እየጀመሩ የሚኖሩበት ማለቂያ የሌለው ቦታ ተገኘለት።

አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ገጹን በኩራት አሳየኝ። እኔም የምሰፋውን አስቀምጬ አንድ በአንድ ከፈትኩት። "ሙከራ" የሚል ነበር። ከዚያ "ሙከራ 2"፣ "አዲሱ ሙከራ"፣ "የመጨረሻው ሙከራ"፣ ከእሱም ቀጥሎ "እውነተኛው የመጨረሻ"። አንዱ ውስጥ ቀይ መኪና አለ፤ መንገድ ግን የለውም፤ በስተቀኝ በኩል ይወጣና እዚያው ይቀራል። ሌላው የጥያቄና መልስ ውድድር ነው ተባልኩ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ "ስንት ጣት አለህ?" እኔም ነገር አምሮኝ ዘጠና ብዬ ጻፍኩ። "ትክክል!" አለኝ።

ከእያንዳንዱ ሥር ራሱ ወንድሜ "ይቀጥላል" ብሎ ጽፏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ይቀጥላል ሆነ፤ የሱቄ ሠራተኞች ሳይቀሩ "ይቀጥላል ዛሬ አልመጣም?" ይሉኛል።

"እታለም፣ እኔ ብቻ መሰልኩሽ?" አለኝ ሲናደድ። እውነቱን ነው። የድረ ገጹ ሰፈር በሙሉ እንደዚያ ነው። አንዱ ነጭ ባዶ ገጽ ለጥፎ "አሥር ልብ ካገኘሁ እጨርሰዋለሁ" ብሏል። ወንድሜ ልብ ሰጥቶታል። እሱም በተራው ያንኑ ጽፎ አሥራ አራት ልብ አግኝቷል፤ አልጨረሰውም። ማንም ማንንም ሳይከፍት "አሪፍ ነው፣ የኔንም እየው" ይባባላሉ። አንዱ ለአንዱ ከአንገት በላይ እያጨበጨበ የሚያድርበት ሠርግ ነው የሚመስለው።

"ምን ጎዳኋችሁ? ጨዋታ ነው። በዚህ ማን ይጎዳል?" አለኝ።

ማንም አይጎዳም። እኔም ስቄ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ።

እናታችን ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ እርማት ስታነብ የኖረች ሴት ናት። የመድኃኒት ካርቶን ላይ የፊደል ግድፈት ካየች ቀኑን ሙሉ ስታጉረመርም ትውላለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ግላኮማ አለብሽ አሏት፤ የዓይን ግፊት ነው፤ ሳያምም ሳይቆጠቁጥ ከዳር ከዳር ብርሃን ይበላል። መድኃኒቱ ጠብታ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት አንዴ፣ ማታ አንድ ሰዓት አንዴ፣ ዕድሜ ልክ። እኔ በሁለቱም ሰዓት እደውልላት ነበር።

"አደረግሽ?"

"አድርጌያለሁ መሰለኝ።"

ይህች "መሰለኝ" ታሳብደኝ ነበር። አንዳንዴ ትረሳለች፤ አንዳንዴ ደግሞ አድርጋ ሳለ አላደረግኩም ብላ ትደግመዋለች። አንድ ቀን ብልጭ አለብኝና ወንድሜ ላይ ጮኽኩበት፤ "ስልሳ ነገር ከምትጀምር ለእናትህ አንድ የሚያስታውስ ነገር አትሠራላትም?" እንግዲህ ሐሳቡ የእኔ ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም።

እሑድ ዕለት ቁጭ አለ። አሮጌ ታብሌቱን ከእናቴ ወንበር ፊት ለፊት ባለው ቁምሳጥን ላይ አቆመው። ሰኞ ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ደወል ጮኸ፤ ከዚያም ራሱ የቀዳው ድምፁ "እማዬ፣ ጠብታ!" አለ። እናቴ ሳቀች አሉ። እሱም ሕግ አወጣላት፤ "ከእንግዲህ አትጨነቂ። ሲጠራሽ ጨምሪ፣ ካልጠራሽ ጠርሙሱን አትንኪ።" ይህም እንዳትደግመው ብሎ ነው። ከዚያ ደወለልኝ፤ "እታለም፣ ሠራ! ጠራት!" ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ አንጀቴን በላው።

እኔም መደወል ተውኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። በቀን ሁለቴ ሥራዬን ጥዬ "አደረግሽ?" ከማለት ተገላገልኩ። ሰው ሲገላገል ደግሞ ብዙ አይጠይቅም።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። ወንድሜ በዚያ መሀል የአሳንሰር ጨዋታ ጀመረ፣ የሚዘምር ዓሣ ጀመረ፣ የፎቶኮፒ ማሽን ብልሽት የሚመረምር ፕሮግራም ጀመረ። እናቴ ስኒ ስታስቀምጥ አንድ ሁለቴ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ አስቀመጠችና ሰበረች። አርጅታለች አልን።

የእናቴ የዓይን ምርመራ ቀን ሲደርስ ሦስታችንም አብረን ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ያለች። እናቴን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ነጠብጣብ ብርሃን እያሳየች "ሲታይዎት ይጫኑ" አለቻት። ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ ከባለፈው ወረቀት ጎን ዘረጋችው። አንብቡልኝ ማለት አላስፈለገኝም። ባለፈው በቀኝ ዓይኗ ጠርዝ ላይ ጥቂት ግራጫ ነበር፤ አሁን ከዳር ጀምሮ ጠቁሮ ወደ መሀል ገብቷል።

"ጠብታውን ጠዋትና ማታ ያደርጉታል?"

"ሲጠራኝ አደርጋለሁ" አለች እናቴ።

"ማን ነው የሚጠራዎት?"

"ልጄ የሠራው ማሽን ነው። ጠዋት ጠዋት ይጠራኛል።"

"ማታስ?"

እናቴ ወደ ወንድሜ ዞረች። "ማታ ጠርቶኝ አያውቅም። እናንተ የቀነሳችሁት መስሎኝ። ጠርሙሱም ረዘም ላለ ጊዜ ነው የሚቆየኝ" አለች፤ እንደ ጥሩ ዜና።

ወንድሜ እግሩን ማንቀጥቀጥ አቆመ፤ በሕይወቴ ሲያቆም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"የሄደው አይመለስም" አለች ሐኪሟ፣ ወደ እናቴ ብቻ እያየች። "የቀረውን ግን መያዝ እንችላለን፣ አንድም ጠብታ ካልቀረ።"

በአውቶቡስ ተመለስን። እናቴ መስኮት ዳር ተቀምጣ የሱቆቹን ማስታወቂያ ታነብ ነበር፤ እንደ ልማዷ ግድፈት እየፈለገች። ቤት ገብታ ጋደም ስትል ወንድሜን ወደ ክፍሉ ገፋሁት።

"ክፈተው" አልኩ።

"እታለም፣ የማታውን አንቺ ትደውያለሽ ብዬ ነበር እኮ! ሁልጊዜ ትደውይ አልነበር?"

"ሠራ ብለህ ደውለህልኝ? ሠራ ማለት ግማሹ ሠራ ማለት ነው እንዴ?"

"የጠዋቱ ነበር የሠራው... የማታው ያው ነው፣ ነገ ብዬ..."

"ክፈተው አልኩህ!"

ከፈተው። ከስልሳ አራት ጅምሮቹ መሀል ወደ ታች፣ ወደ ታች እየሄደ ፈልጎ አገኘው። ስሙ "የእማዬ ጠብታ" ነው። ከሥሩ በገዛ እጁ "የጠዋቱ ይሠራል፤ የማታው ይቀጥላል" ብሎ ጽፏል። ከእሱ ሥር ብርቱካን12 የሚባል የማናውቀው ሰው፣ ከአምስት ወር በፊት፣ እንዲህ ብሎታል፦ "ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሞከርኩት፣ ዝም ይላል። ለእናቴ ልጠቀምበት አስቤ ነበር።" ወንድሜም በፈገግታ ምልክት መልሶለታል፦ "አውቃለሁ ወዳጄ፣ ይቀጥላል።"

የት እንዳለ የማላውቀው ሰው፣ ለሌላ እናት ሲል፣ ማታውን ጠብቆ አዳምጦታል። እኔና ወንድሜ አላዳመጥንም። ማታ ማታ እሱ እዚህ ክፍል በሩን ዘግቶ አዲስ ነገር ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ ቤቴ እግሬን ዘርግቼ ተገላገልኩ እላለሁ። የማታው ሰዓት በእናቴ ወንበርና በወንድሜ በር መሀል በየቀኑ ባዶውን አልፏል። ንዴቴ ወጥቶ ወጥቶ ሲያልቅ የቀረኝ እፍረት ነበር። ወንድሜን ልመታው የዘረጋሁትን እጅ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

እሱ ግን ወዲያው ተነሥቶ መንጎራደድ ጀመረ። "ሌላ እሠራለሁ። ይሄ እጅ እግር የሌለው ነገር ነው። አዲስ። ማድረጓን የሚመዘግብ፣ ካላደረገች ያንቺ ስልክ ላይ የሚደውል፣ ሥዕል ያለው..." ዓይኑ በርቷል። ጣቱ "አዲስ ፕሮጀክት" የሚለው ላይ ደርሷል።

እጁን ያዝኩት። "አዲስ ብትጀምር እጅህን ነው የምሰብረው። ይሄንኑ ጨርስ።"

"ቆይ እኮ አሻሽዬ..."

"ይሄንኑ።"

ተቀመጠ። እኔም እንደ ባለማሽኑ አናቱ ላይ ቆምኩ። የጠዋቱን ቁርጥራጭ ገልብጦ ከሥሩ ገጠመው፤ ሰዓቱን ቀየረ፤ ስልኩን አፉ ላይ አስጠግቶ ድምፁን እንደገና ቀዳ። የመጀመሪያው ተንቀጠቀጠ፤ ደገመው። ከዚያ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

"አለቀ" አለ።

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀው። እሱም ዞሮ አየው። ስለሚጀምረው ነገር ስንት ጊዜ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ ሲያወራልኝ ሰምቻለሁ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ሲጀምር አባበልኩት ብል ዋሸሁ። እኔም አጠገቡ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስልክ አንሥቶ "አደረግሽ?" ማለት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ያነሰ ነው የሚፈጀው።

ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ሱቅ ደውዬ ዝጉት አልኩ። እሱም ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሳሎን መጥቶ ተቀመጠ። ይነሣል፣ መስኮት ጋ ይሄዳል፣ የታብሌቱን መብራት ያያል፣ ይመለሳል። አሥር ሰዓት። አሥራ አንድ። እናቴ ነቅታ ወንበሯ ላይ ሆና "ምን ሆናችሁ? የተቀበረ ሰው አለ እንዴ?" አለችን። "ምንም" አልናት። ስለ ሐኪሟ ልታነሣ ፈልጋ ተወችው። ለእኛ ብላ እንደተወችው ገብቶኛል፤ ይህም ከስድብ የባሰ ሆነብኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት። ወንድሜ የሰኮንድ ቆጣሪውን እያየ ጥፍሩን በላ። ይሠራ ይሆን? አላውቅም ነበር። እሱም አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱም የጀመረውን ነገር መጨረሻው ላይ ቆሞ አይቶት አያውቅም።

ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ደወሉ ጮኸ። "እማዬ፣ የማታው ጠብታ!" አለ የወንድሜ ድምፅ ከቁምሳጥኑ ላይ።

"አሃ፣ የማታም አለው ለካ" አለች እናቴ። መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገችና ራሷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ቀና አለች።

"ዛሬ እኔ ላድርግልሽ" አለ ወንድሜ። ጠርሙሱን ከፍቶ በቀኟ በኩል ቆመና እጁን ዘረጋ። ጣቱ ቅንድቧን ሲነካት ድንገት ደነገጠች፤ ጠብታው ጉንጯ ላይ ወደቀ።

"ምነው እማዬ? አየሽኝ አይደል?"

ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ኀዘንም አልነበረም፤ ድሮ ማተሚያ ቤት ለፊደል ለቃሚዎቹ ስሕተቱ የት መስመር ላይ እንዳለ ስትነግራቸው እንደዚያ ነበር የምትናገረው።

"በዚህ በኩል ና ልጄ። በዚያ በኩል ስትመጣ እጅህ አይታየኝም።"

ወንድሜ ጠርሙሱን እንደያዘ ወንበሩን ዞሮ በግራዋ በኩል ቆመ።